ጎማ አንሳ

ማክሰኞ ጠዋት የሲሙሌተሩ በር ተዘግቶ መሸጋገሪያው ድልድይ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። በግራ ወንበር ካፒቴኑ፣ በቀኝ ወንበር ከሌላ ድርጅት የመጣች እንግዳ ካፒቴን፣ ከኋላቸው ብዙ ቁልፍ ያለው ጠረጴዛ ይዞ አሰልጣኙ፣ ከአሰልጣኙ ጎን ደግሞ በታጣፊ ወንበር ላይ ረዳቱ። ረዳቱ የካፒቴኑ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ የአንድ ሀብታም ሰው የግል ጄት ለዓመታት አብረው ሲያበርሩ ኖረዋል፤ በየዓመቱም እዚህ መጥተው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይፈተናሉ። ዘንድሮ ግን እንግዳዋ የራሷ ረዳት ታሞባት ብቻዋን ስለመጣች፣ አሰልጣኙ ሦስቱን እያቀያየረ ለማሠራት ወሰነ። ማንም አልተቃወመም። ረዳቱ እንዲያውም ደስ ብሎታል። አንድ ጠዋት እንኳ ከእህቱ ባል ጎን አለመቀመጥ ለእሱ እንደ ፈቃድ ነበር።

ሲሙሌተር መሬት የማይለቅ አውሮፕላን ነው። ከውጭ ሲያዩት በረጃጅም የብረት እግሮች ላይ የቆመ ነጭ ክፍል ይመስላል። ከውስጥ ግን ወንበሩም፣ መሪውም፣ የሞተሩ ድምፅም እንደ እውነተኛው ነው፤ ከመስታወቱ ፊት ለፊት የሚታየው መንደርደሪያ ዝናብ ሲመታው ያብረቀርቃል። በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ማንም ሊሞክረው የማይደፍረው ነገር ሁሉ እዚህ ይሞከራል። ሞተር ይጠፋል፣ እሳት ይነሳል፣ መሪ ይከብዳል። ሰው አይሞትም፤ ላቡ ግን እውነተኛ ላብ ነው። ፈተናውን የወደቀ አብራሪም እስኪያልፍ ድረስ አውሮፕላን አጠገብ አይደርስም።

አሰልጣኙ አውሮፕላኑ መሬት ሊለቅ ሲል አንዱን ሞተር አጠፋው። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ ፈተና ስለሆነ ካፒቴኑ በእንቅልፍ ልቡም ይሠራዋል። አቅጣጫውን በእግሩ ያዘ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አደረገ። እንግዳዋ መሣሪያዎቹን እያየች «እየወጣን ነው» አለች። በዚህ ጊዜ ካፒቴኑ ጎማው እንዲነሳ በቃል ማዘዝ ነበረበት። ቃሉ ካልተነገረ በቀኝ ያለው ሰው እጁን ወደ ጎማው ማንሻ አይሰድም፤ ደንቡ ነው። ካፒቴኑ ቃሉን አልተናገረም። አገጩን ትንሽ አነሳ አድርጎ አንገቱን ነቀነቀና፣ ሥራው እንዳለቀለት ሰው ዓይኑን ወደ መሣሪያዎቹ መለሰ።

ከኋላ፣ በታጣፊው ወንበር ላይ፣ የረዳቱ ቀኝ እጅ ከጉልበቱ ላይ ብድግ አለ። ማንም አላዘዘውም፤ እጁ ራሱ ነው የተነሳው። አየር ጨብጦ ቀረ። ረዳቱ እጁን አይቶ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

እንግዳዋ ትእዛዙን ትጠብቃለች። አንድ ሞተር ብቻ የቀረው አውሮፕላን ጎማውን አንጠልጥሎ መውጣት አቃተው። ካፒቴኑ ጎማው ተነስቷል ብሎ ስላመነ ነገሩ አልገባውም። አፍንጫውን ይበልጥ አቀና፤ ፍጥነቱ ወረደ፤ መሪው በእጁ ውስጥ ይንዘፈዘፍ ጀመር። እንግዳዋ ፍጥነት አለች፣ ቀጥላም ጎማው እንዳልተነሳ ተናገረች፤ ግን ኮረብታው መስታወቱን ሞልቶት ነበር። ሁሉም ነገር ቀጥ አለ፤ የመከስከስ ምልክት ሆኖ መስታወቱ ቀላ። አሰልጣኙ ድምፁን ሳይቀይር እንድገመው አለ። በሁለተኛው ጊዜ ካፒቴኑ ትእዛዙን አልረሳም፤ ነገር ግን ልቡ ስለተረበሸ ሌላ ትእዛዝ ሳይናገር ቀረ። በሦስተኛው እንደምንም ወጣ። ከሲሙሌተሩ ሲወርዱ የሸሚዙ ጀርባ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ የቆየ መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

ረዳቱ ሻይ ሊቀዳ ሄደ። የሻይ ማሽኑ ያለው ከቢሮዎቹ ጀርባ ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወዲያ ያለ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ይማርህ ይባላል። ብርጭቆው ሳይሞላ የአሰልጣኙን ድምፅ ሰማ። ከሥልጠና ማዕከሉ ኃላፊ ጋር ነበር የሚያወራው።

«እጁ ደህና ነው። የዘገየው ጭንቅላቱ ነው። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል? ከሰዓት አንዴ አየዋለሁ፤ ካልሆነለት ወንበሩን ለልጁ ቢለቅ ይሻላል።»

ልጁ የተባለው እሱ ነው። ረዳቱ ሻዩን ይዞ እዚያው ቆመ። የግራውን ወንበር ያልተመኘበት ቀን የለም። ከእህቱ ባል ኋላ ኋላ ቦርሳ ይዞ ሲሄድ፣ የአውሮፕላኑ ባለቤት ካፒቴኑን ብቻ ጨብጦ ሲያልፈው፣ አንድ ቀን ተራው እንደሚደርስ እያሰበ ነው የኖረው። አሁን ተራው ከስስ ግድግዳ ጀርባ መጥቶ ቆሟል። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሠራው ሥራ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የእህቱ ልጅ የተመረቀች ዕለት ነው። ካፒቴኑ በእንግዶች ተከቦ ጨዋታ ደርቶለት ሳለ አንዱ ስለ ረዳቱ ጠየቀው። «እኔ መች መረጥኩት» አለ ካፒቴኑ፤ «ሚስቴ ናት እንደ ሻንጣ የጫነችብኝ።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት ውስጥ ጄቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት መካኒክ ነበረበት። በሚቀጥለው የሥራ ቀን ረዳቱ አውሮፕላኑ ወደሚያድርበት አዳራሽ ሲገባ አንዱ ከመሰላል ላይ ሆኖ «ሻንጣው መጣ» አለ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀለት። ጥበቃው ሳይቀር ሻንጣው እንዴት አደርክ ይለዋል፣ ያውም በክፋት አይደለም። ካፒቴኑ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ለቀልድ ይቅርታ ይጠየቃል ብሎ አላሰበም። ረዳቱም አልተጣላም፤ አኮረፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠራው የኖረውን ጋሼ ትቶ ካፒቴን ይለው ጀመር።

ኩርፊያ ቤት ውስጥ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። እሁድ እሁድ እህቱ ቤት ይሄዳል፤ ሁለቱ ወንዶች አንድ ሶፋ ላይ በሁለት ጫፍ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ እህቱ ከኩሽና እየወጣች በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ አይታ ትመለሳለች። ኩርፊያው ግን አብሯቸው አውሮፕላን ላይ ወጣ። መጀመሪያ ወሬው ቀረ። ቀጥሎ ሥራው የሚጠይቀው ቃል እየተሸራረፈ ሄደ። «ጎማ አንሳ» የሚለው «ጎማ» ብቻ ሆነ፤ «ጎማ» የሚለውም ጉሮሮ እንደመጥረግ ያለ ድምፅ ሆነ፤ ድምፁም ቆይቶ የአገጭ ንቅናቄ ሆነ። ረዳቱ ንቅናቄዋን ገና ሳትጠናቀቅ ያውቃታል። ከኋላ የአውሮፕላኑ ባለቤት ጫማውን አውልቆ ይተኛል፤ ከፊት ሁለቱ አንድም የረባ ቃል ሳይለዋወጡ ባሕር አቋርጠው ያርፋሉ። ረዳቱ አንዳንዴ ይህን እንደ ሙያ ቆጥሮ ይኮራበት ነበር።

እና ዕድሜ አይደለም። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ካፒቴኑ ራሱ እንኳ ያወቀው አይመስልም።

ምሳ በማዕከሉ ካፌ ነበር። አንድ ደረቅ ሳንድዊች ውጭ ሙሉ ምሳ በሚበላበት ዋጋ ይሸጣል፤ ዳቦው በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለሚውል የላስቲክ ጣዕም አለው። ካፒቴኑ በመስኮቱ በኩል ብቻውን ተቀምጦ ሳንድዊቹን ሳይፈታ ያገላብጠዋል። ፊቱ በአንድ ጠዋት ገርጥቷል። ረዳቱ ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ተነስቶ መሄድና አንዲት ቃል መናገር ይችል ነበር። አንገትህን እየነቀነቅክ ነው፣ ቃሉን በአፍህ ተናገር ማለት ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ፈተና በዚህች ምክር ያልፋል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እንደገና ሳበው። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ናት። በላችሁ ወይ ስትል ጠየቀችው። በላን አላት። አብራችሁ ናችሁ አለች። ካፒቴኑን አየት አድርጎ አዎ አብረን ነን አለ። እህቱ ጎን ለጎን ወይስ እንደ ሶፋው ብላ ስትጠይቀው ሳቁ አመለጠው። ካፒቴኑ ሳቁን ሰምቶ ቀና አለ፤ በእሱ የሚስቅ መስሎት ነው መሰል፣ ሳንድዊቹን እንደተጠቀለለ ትቶት ወጣ።

ከምሳ በኋላ ተራው የረዳቱ ሆነ። እንግዳዋ ወደ ግራ ወንበር ተዛወረች፤ እሱ በቀኝ ተቀመጠ። ካፒቴኑ ከኋላ በታጣፊው ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ያያል። እንግዳዋ ጨዋታ የምታውቅ ሴት ናት፤ መንደርደር ሳይጀምሩ አደራ ዛሬ ሁለተኛ ኮረብታ እንዳታሳየኝ አለችው። ተነሱ። አሰልጣኙ ከላይ ወደ ታች የሚጫን ነፋስ አዘጋጅቶላቸው ነበር። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ፣ ገና የሰው ቁመት ያህል እንኳ ሳይርቅ፣ የእንግዳዋ ጆሮ ማዳመጫ ተንሸራተተባትና ልታስተካክለው አገጯን ወደ ላይ ወርወር አደረገች። የረዳቱ እጅ የጎማውን ማንሻ አነሳው። ጎማው ታጠፈ፤ ነፋሱ ተጫነ፤ አውሮፕላኑ በሆዱ መንደርደሪያው ላይ ተኛ። ክፍሉ እስኪንገጫገጭ ድረስ ጮኸና ቀጥ አለ። መስታወቱ ቀላ።

«እኔ መች አልኩህ?» አለች እንግዳዋ።

ረዳቱ እጁን ከማንሻው ላይ አነሳ። አሰልጣኙ ከኋላ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ድንጋጤ ነው፣ በወጣትነት የሚያጋጥም ነው፣ ውሃ ጠጣና አሁኑኑ እንደግመዋለን አለው፤ ድምፁ ጠዋት ከስስ ግድግዳ ጀርባ ከሰማው ድምፅ ይልቅ ይለሰልስ ነበር። ረዳቱ ዞር ሲል የካፒቴኑን ፊት አየ። ካፒቴኑ አላየውም፤ የሚያየው የራሱን ጉልበት ነበር። ዓይኖቹ ፈዘዋል፣ አንዳች ነገር ውስጡ እየዞረ እንደሆነ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ለረዳቱ አንድ ነገር ግልጽ ሆነለት። የሁለቱ ጥፋት አንድ ጥፋት ነው፤ ለሱ ድንጋጤ ተብሎ ይታለፋል፣ ለሌላው ዕድሜ ተብሎ ይጻፋል።

«ድንጋጤ አይደለም» አለ።

አሰልጣኙ ውሃውን እንደያዘ ጠበቀው።

«ጠዋት ካፒቴን አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ ብሆን አነሳው ነበር። አሁን ደግሞ ማንም ሳያዘኝ አነሳሁ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የበረርነው። ሰው ጭነን፣ ሳንነጋገር።»

እንግዳዋ ቀበቶዋን ፈታች። «እኔና ባሌ እንኳ ተኮራርፈን በሩን ዝጋ እንባባላለን» አለች በዝግታ፤ ቀልድ አድርጋ ልትለው አስባ ነበር፣ በመሀል ግን ቀልዱ ከአፏ ጠፋ። ሻይ ልጠጣ ብላ ወጣች።

ካፒቴኑ ከታጣፊው ወንበር አልተነሳም። ይህን ለምን ተናገርክ አለው፣ ድምፁን ሳያነሳ። ረዳቱ ዕድሜ ነው ሲሉ እንደሰማ፣ ዕድሜ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ መናገሩን ነገረው።

«ይበሉ» አለ ካፒቴኑ። «ማርጀት ነውር አይደለም። የቤቴን ገመና አደባባይ ከምታወጣው አርጅቷል ብባል ይሻለኝ ነበር።»

አሰልጣኙ ውሃውን ራሱ ጠጣው። ካፒቴኑን ዕድሜ ቢሆን ኖሮ አዝኜ እሸኝዎት ነበር፣ ይሄ ግን አያሳዝንም፣ ያናድዳል አለው። ለረዳቱም ስለተናገርክ አመሰግንሃለሁ፣ ግን እውነት ስለተናገርክ ብቻ ታልፋለህ ማለት አይደለም አለው። ከዚያ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው በየወንበራቸው እንዲቀመጡና ጭምብላቸውን እንዲያዘጋጁ አዘዘ።

ከሰዓት በኋላ የነበረው ፈተና የጭስ ፈተና ነው። አውሮፕላኑ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ አሰልጣኙ ቁልፍ ተጫነ፤ ከእግራቸው ሥር ነጭ ጭስ እየተግተለተለ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ሁለቱም የኦክስጅን ጭምብል አጠለቁ። ጭምብሉ ከግንባር እስከ አገጭ ይሸፍናል፤ ጭሱ ደግሞ የጎረቤትን ትከሻ እንኳ ይጋርዳል። አንገት ቢነቀነቅ የሚያይ የለም። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው የሁለቱ ትንፋሽ ነው፤ ሲገባ ያፏጫል፣ ሲወጣ ያጉረመርማል። ረዳቱ የእህቱን ባል ትንፋሽ ይህን ያህል ቀርቦ ሰምቶት አያውቅም። ለካስ ሰውየው ሲተነፍስ በመሀል ትንሽ ይቆማል፣ የሚናገረው ነገር እንዳለው ሰው።

ካፒቴኑ ማዘዝ ነበረበት፤ አዘዘ። በጭምብሉ ውስጥ መጀመሪያ ቃሉ እየተጎተተ ነበር የሚወጣው፣ እንደ ዛገ በር። ከመሬት ሲነሱ ግን ጎማ አንሳን በክፍሉ ውስጥ በሚያስተጋባ ድምፅ ነበር ያለው። አሁን ደግሞ የጭሱን ምንጭ ፈልግ አለ፤ ረዳቱ እየፈለግሁ ነው አለ። ይህን ዝጋ አለ፤ ዘግቻለሁ አለ። ለመቆጣጠሪያ ማማው ንገራቸው አለ፤ ነግሬያቸዋለሁ አለ። ቃል በቃል እየተቀባበሉ አውሮፕላኑን ወደመጣበት አዞሩት። መንደርደሪያው ገና ሩቅ ነበር፤ ለትንሽ ጊዜ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር አልነበረም። የካፒቴኑ ትንፋሽ ቆም አለ።

«ስማ» አለ ካፒቴኑ።

«እሰማለሁ።»

«ያን ዕለት፣ ልጄ የተመረቀች ዕለት… ሰው ሲስቅልኝ ደስ ብሎኝ ነው። አንተ እዚያ መኖርህን አላየሁም።» ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ። «መካኒኩ የሚልህን ስሰማም ዝም አልኩ። ያንን አይቻለሁ።»

ረዳቱ ወደ መሣሪያዎቹ ጎንበስ አለ። መሣሪያዎቹ በጭሱ ውስጥ ብዥ ብዥ አሉበት፤ ጭሱ ይሁን ሌላ ነገር አላወቀም። ዓመቱን ሙሉ ለዚህች ሰዓት ያዘጋጀው ብዙ ንግግር ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም።

«ጋሼ» አለ፣ «ፍጥነት እየጨመረ ነው።»

«አየሁት» አለ ካፒቴኑ፤ ቀነሰ።

አሰልጣኙ ከኋላ ሁሉንም ሰምቷል። ግን አልራራላቸውም፤ እጁን ሰደድ አድርጎ በዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለውን ብልሽት ጨመረባቸው። የቀኙ ሞተር ጠፋ። ካፒቴኑ ረዳቱ እስኪነግረው አልጠበቀም፤ ሞተሩ መጥፋቱን ራሱ በቃል ተናገረ፣ ረዳቱ አረጋገጠ። ጎማው በቃል ወረደ። አውሮፕላኑ አንዴ ነጠር ብሎ መሬት ያዘ።

በመጨረሻ ሦስቱ ወንዶች በማዕከሉ ትንሽ መወያያ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ የትናንት የሻይ ብርጭቆ ቀለበት ሠርቶ ደርቋል። የካፒቴኑ ፀጉር በላብ ተጣብቋል፤ ነገር ግን ፊቱ ከጠዋቱ ይልቅ ወዝ ነበረው። አሰልጣኙ ሁለቱንም አሳልፏቸዋል፤ እጃቸው ላይ ያገኘው ነውር የለም። ይሁን እንጂ ለድርጅቱ የሰማውን ሁሉ እንደሚጽፍ፣ ከእንግዲህም ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን ላይ እንዳይመደቡ እንደሚያሳስብ ነገራቸው። ረዳቱ ይህን አልጠበቀም። ካፒቴኑም አልጠበቀም፤ አሁንኮ ተነጋገርን ብሎ ጀመረ።

«ሰምቻለሁ» አለ አሰልጣኙ። «ደስ ብሎኛል። ግን እናንተ ስትጣሉ ቃል አያስፈልጋችሁም፤ ስትዋደዱ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።»

ከማዕከሉ ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አንድ ታክሲ ያዙ፤ ካፒቴኑ ከፊት መቀመጥ ልማዱ ቢሆንም ከኋላ ገባ። ስለ ሳንድዊቹ አወሩ፤ ካፒቴኑ ሳይበላው በመቅረቱ አልቆጨውም። ሾፌሩ አብራሪዎች መሆናቸውን ሲያውቅ ብዙ ጠየቀ፤ ሁለቱም እየተሻሙ መለሱለት።

በሚቀጥለው ወር ካፒቴኑ ያችኑ ጄት ከአዲስ ረዳት ጋር አበረረ። የቀድሞው ረዳቱ ደግሞ በድርጅቱ ትንሽ አውሮፕላን ላይ፣ በቀኝ ወንበር፣ ስሙን እንኳ ገና በማያውቀው ካፒቴን ጎን ተመደበ።